ባለቤቱ በር ከፍቶ የሚያስገባው ሌባ

በየሰፈሩ የሚሠማራ ሌባ አጥር ይዘላል፤ ቁልፍ ይሰብራል፤ ውሻ ሲጮኽበትም ይሮጣል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናስተዋውቀው ሌባ ግን ከዚህ ሁሉ ድካም የዳነ ነው። የቤቱ ባለቤት ራሱ በሩን ከፍቶ ያስገባዋል፤ ከገባም በኋላ ጓዳ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አያይበትም። ይኸውም አንድ ሰው በሩቅ አገር ተቀምጦ የሌላውን ሰው ኮምፒዩተር እንደ ገዛ ዕቃው እንዲያዝበት የሚያደርገው፣ ትሮጃን የተባለው የተንኰል ፕሮግራም ነው።

ስሙ የተወሰደው ከጥንት ግሪኮች ታሪክ ነው። ግሪኮች የትሮይን ከተማ አሥር ዓመት ከበው ቅጥሯን መስበር ቢያቅታቸው፣ ከእንጨት ትልቅ ፈረስ ሠርተው በሆዱ ወታደሮች ደበቁና ስጦታ አስመስለው ትተውት ሄዱ ይባላል። የትሮይ ሰዎችም በገዛ እጃቸው ጐትተው አስገቡት፤ የቀረውን ሌሊቱ ጨረሰው። ከሩቅ የሚታዘዘውን ዓይነት ትሮጃን እንግሊዞች በሦስት ፊደል አሳጥረው «ራት» ይሉታል፤ ቃሉ በቋንቋቸው አይጥ ማለት ነው። የፊደላቱ መገጣጠም በአጋጣሚ የሆነ ቢሆንም፣ ሰው ሲተኛ ጓዳ ለጓዳ ለሚንጐዳጐድ ፍጥረት ስሙ የተስማማው ይመስለናል።

ይህ ፕሮግራም ከገባ በኋላ ምን ይሠራል? ባለቤቱ የሚጽፈውን ፊደል ሁሉ እየቈጠረ ይመዘግባል፤ የይለፍ ቃሉም ከዚያው ውስጥ ነው። በመስኮቱ ላይ የሚታየውን ሥዕል ያነሣል፤ ማይክሮፎኑን ከፍቶ ያዳምጣል፤ በካሜራው ይመለከታል፤ ፋይል ይወስዳል፤ ከወደደም ሌላ ፋይል ጨምሮ ይሄዳል። ተራ ቫይረስ የተጻፈለትን ብቻ ሲያደርግ በዚህኛው ጀርባ ግን የሚያስብ ሰው ተቀምጧል። የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

ነገሩ የትናንት አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ዓ.ም. ካላልን በቀር በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ራሱን የሙት ላም ማኅበር ብሎ የሰየመ የአሜሪካ የኮምፒዩተር ዐዋቂዎች ቡድን ባክ ኦሪፊስ የተባለውን ፕሮግራም ላስ ቬጋስ በተደረገ ስብሰባ ላይ በአደባባይ አሳየ። ዓላማችን የዊንዶውስን ድካም ማሳየት ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ወደ ገበያ ወጣ። ብላክሼድስ የተባለው ትሮጃን በ40 ዶላር ይሸጥ ነበር። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ከሌሎች አገሮች ፖሊሶች ጋር ተባብሮ በሜይ 2014 ከ90 በላይ ሰዎችን ሲይዝ፣ ፕሮግራሙ ከ100 በሚበልጡ አገሮች ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ኮምፒዩተሮች ውስጥ መግባቱ ተነገረ። የአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ በማይሞላ ገንዘብ የሰው ጓዳ ይሸጥ ነበር ማለት ነው!

ከተጐጂዎቹ አንዷ በ2013 የአሜሪካ ታዳጊ ልጃገረዶችን የቁንጅና ውድድር ያሸነፈችው ወጣት ናት። በመኝታ ክፍሏ ተከፍቶ በሚያድረው ኮምፒዩተር ካሜራ አንድ የኮሌጅ ተማሪ ፎቶግራፍ ያነሣት ነበር፤ ኋላም ሌላ ሥዕል ካልላክሽልኝ ይህን እበትናለሁ ብሎ አስፈራራት። ልጅቷ አልታዘዘችለትም፤ ለፖሊስ አመለከተች። ሰውየው ተይዞ ሲመረመር ሌሎች ወጣት ሴቶችንም እንዲሁ ያደርግ የነበረ ሆኖ ተገኘ፤ በ2014 የ18 ወር እሥራት ተፈረደበት። ከሩቅ አገር የመጣ ባዕድም አልነበረም፤ በትምህርት ቤት የምታውቀው ልጅ ነበር።

ለመሆኑ ይህ ጉዳይ እኛን ይነካናል ወይ? የሚል ቢኖር አዎን፣ ያውም በስም ይነካናል። በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለው የምርመራ ቡድን በማርች 2013 ባወጣው ጽሑፍ፣ ጋማ ከተባለ ኩባንያ ለመንግሥታት ይሸጥ የነበረው ፊንስፓይ የተባለው መሰለያ የግንቦት 7 አባላትን ፎቶግራፍ ወጥመድ አድርጎ መሠራጨቱንና የሚታዘዝበትም ኮምፒዩተር ኢትዮጵያ ውስጥ መገኘቱን ገለጸ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 20 ቀን፣ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ በውጭ አገር ይሠሩ ለነበሩ ሁለት የኢሳት ባልደረቦች ሰነድ የሚመስል ፋይል በስካይፕ ተላከላቸው፤ ፋይሉ ሚላኖ የነበረው የሃኪንግ ቲም ኩባንያ መሣሪያ መሆኑን ተመራማሪዎቹ ደረሱበት። የዚያን ጊዜው መንግሥት አስተባበለ። በጁላይ 2015 ግን ኩባንያው ራሱ በተራው ተሰረቀና 400 ጊጋባይት የሚሆን ምስጢሩ ሲበተን፣ ከደንበኞቹ ደብዳቤዎች መካከል የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ደብዳቤዎች ተገኙ። በ2017 መጨረሻ ደግሞ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ መሣሪያ፣ አዶቤ ፍላሽ የተባለው የቪዲዮ ማሳያ ማደሻ መስሎ በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መላኩ ታወቀ። ፍላሽ ራሱ በ2020 ማለቂያ አገልግሎቱ ቀርቷል፤ ስለዚህ ዛሬ «ፍላሽህን አድስ» የሚል መልእክት ያየ ሰው፣ የሚያነጋግረው ሐሰተኛ መሆኑን ያለ ምርመራ ሊያውቅ ይችላል።

እንግዲህ በሩ የሚከፈተው እንዴት ነው? ከሁሉ የበዛው መንገድ ከኢሜይል ወይም ከቴሌግራም ጋር የሚመጣ ፋይል ነው። ዊንዶውስ የፋይልን ስም ጅራት፣ ማለትም ዓይነቱን የሚያስረዱትን የመጨረሻ ፊደሎች፣ ካላዘዙት በቀር ይደብቃል። ተንኰለኛውም ፕሮግራሙን «የሥራ ማስታወቂያ ነጥብ ፒዲኤፍ ነጥብ ኢኤክስኢ» ብሎ ይሰይመዋል፤ ተቀባዩ የሚያየው ፒዲኤፉን ብቻ ነው። ከዚህ የረቀቀም አለ። እንደ ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ለሚጻፉ ቋንቋዎች የተዘጋጀ አንድ የማይታይ ምልክት በስሙ መካከል ከተጨመረ፣ የስሙ መጨረሻ ተገልብጦ ፎቶግራፍ ይመስላል። በ2012 ለባሕሬን የመብት ተሟጋቾች የተላከው እንዲህ ያለ ነበር። በዚያው ዓመት በሶርያ ዳርክኮሜት የተባለው ትሮጃን የስካይፕን ንግግር የሚጠብቅ መሣሪያ ነው ተብሎ ይታደል ነበር። ደኅንነት ፈልጎ የጫነው ሰው ሰላዩን ጫነ። የፕሮግራሙ ደራሲ የሆነው ፈረንሳዊም ሥራው ምን ላይ እንደዋለ ሲሰማ በዚያው ዓመት ማሠራጨቱን ተወ።

በከተማችን ግን ከኢሜይሉ ይልቅ ሁለት ሌሎች በሮች ይበልጡን ያሳስቡናል። አንደኛው ፍላሽ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ብዙ ስላልሆነን የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሳምንት በማተሚያ ሱቆች ደጃፍ የሚሆነውን እናውቃለን፤ የመቶ ተማሪ ፍላሽ በአንድ ኮምፒዩተር ይሰካል፤ ማታ ቤት ሲደርሱ የነበረው ፎልደር ሁሉ ወደ ሾርትከት ተለውጦ ይገኛል። በዐረብ አገሮች እጅግ የተስፋፋው ኤንጄራት የተባለው ትሮጃን ከሚዛመትባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው፤ ሾርትከቱን የነካ ሰው ፎልደሩን ይከፍትለታል፣ ከጀርባው ግን እንግዳውን ያስገባል። ሁለተኛው በር ክራክ የሚባለው ነው። ዋጋ ላለመክፈል ከማይታወቅ ቦታ የሚወርደው መክፈቻ ብዙ ጊዜ «መጀመሪያ ፀረ ቫይረሱን አጥፋ» የሚል መመሪያ ይዞ ይመጣል። ዘበኛውን አሰናብትና ግባ በለኝ የሚል እንግዳ ምን ዓይነት እንግዳ ነው?

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ኮምፒዩተሩ የእሳት ግንብ የተባለው መከላከያ እያለው ስለምን አይከለክልም? ምክንያቱ ግንቡ በተለይ የሚጠብቀው ከውጭ የሚመጣውን ጥሪ ስለሆነ ነው። ትሮጃኑ ግን ከውስጥ ወደ ውጭ ራሱ ደውሎ «እነሆ ገብቻለሁ፣ እዘዘኝ» ይላል። ከቤት የሚወጣውን ሰው ዘበኛ ብዙ አይጠይቅም። ከዚህም ሌላ፣ ኮምፒዩተሩ ተዘግቶ በተከፈተ ቊጥር አብሮ እንዲነሣ ስሙን ከመነሻ ፕሮግራሞች መዝገብ ያስገባል፤ ስለዚህ አጥፍቶ ማብራት ፈውስ አይሆንም።

የካሜራው መብራት ያለ ምክንያት መብራቱ፣ የመዳፊቱ ቀስት በራሱ መንቀሳቀሱ፣ የፀረ ቫይረሱ ሳይነካ መጥፋቱ ምልክቶች ናቸው። ጐበዝ ሌባ ግን ምልክት ስለማይተው፣ ምልክት አለማየት ብቻውን አያጽናናም።

የጠረጠረ ሰው አስቀድሞ ኢንተርኔቱን ይቁረጥ፤ ገመዱን ይንቀል፣ ዋይፋዩን ያጥፋ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሚቀጥለው ነገር ነው። ደንግጦ በዚያው ኮምፒዩተር የይለፍ ቃሉን ይለውጣል፤ አዲሱንም ቃል ሌባው አብሮ ያነበዋል። ለውጡ መደረግ ያለበት በሌላ ንጹሕ መሣሪያ ነው፤ መጀመሪያ ኢሜይሉ፣ ቀጥሎ ባንኩ። ከተከፈቱት ቦታዎች ሁሉ ውጣ የሚለውን ማዘዝ፣ በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ማቆም፣ ደብዳቤዎቹም በስውር ወደ ሌላ አድራሻ እንዳይተላለፉ መመልከት ያስፈልጋል። የማስፈራሪያ መልእክት የደረሰው ሰው ደግሞ ከማጽዳቱ በፊት መልእክቱን ያስቀምጥና ለፖሊስ ያመልክት፤ በአገራችን በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ የሰው ኮምፒዩተር ውስጥ መግባትን በወንጀል ያስቀጣል።

ከዚያ ወደ ፍተሻው ይገባል። በዊንዶውስ ውስጥ ያለው ዲፌንደር፣ ኦፍላይን የሚባል የፍተሻ ዓይነት አለው፤ ኮምፒዩተሩ ዊንዶውስን ሳያስነሣ ስለሚፈትሽ ትሮጃኑ ተነሥቶ ለመደበቅ ጊዜ አያገኝም። ማይክሮሶፍት በነጻ የሚሰጠውን ሴፍቲ ስካነርም ከንጹሕ ኮምፒዩተር በፍላሽ ማምጣት ይቻላል፤ ከወረደ ከ10 ቀን በኋላ ስለማይሠራ ግን ያረጀውን ይዞ መቈየት አይጠቅምም።

ፍተሻው አንድ ትሮጃን አግኝቶ ቢያጠፋም፣ ሌባው ሌላ ጨምሮ እንደሆነ በእርግጥ የሚናገር የለም። ስለዚህ የባንክ ሥራ ወይም የሰው ምስጢር ለሚያዝበት ኮምፒዩተር፣ ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ እንደገና ቢጫን ይሻላል ባዮች ነን። የሚተርፉት ጽሑፎችና ፎቶግራፎች ብቻ ይሁኑ፤ የድሮ የፕሮግራም ፋይል ይዞ መመለስ አይጡን በእቅፍ ይዞ ወደ አዲስ ቤት መግባት ነው። የሚጫነውም ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ፣ በሌላ ንጹሕ ኮምፒዩተር ፍላሽ ላይ የተዘጋጀ ይሁን። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ማሽኑ ከቻለ 11ኛውን መጫን ይገባል። ወደ ሱቅ የሚወስደውም ሰው ከመክፈሉ በፊት ባለሙያውን ይጠይቀው፤ የምትጭንልኝ ዊንዶውስ ከየት የመጣ ነው? በክራክስ ነው ወይ የሚከፈተው?