በበዓለ ኀምሳ የጾም ምግብ ፍለጋ

«ዛሬ እኮ ፍስክ ነው!» አለን አሳላፊው። ይህንንም ያለው የምሥራች እንደሚያበስር ሰው ፊቱ በፈገግታ በርቶ ነው።

ቀኑ ዓርብ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቦታው በሰበታ ከዋናው መንገድ ዳር ከሚገኙት ምግብ ቤቶች በአንደኛው ውስጥ ነበር። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችው የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ከዋሽንግተን የመጣች ናት። ሥጋውንም፣ ወተቱንም፣ ቅቤውንም፣ ዕንቁላሉንም፣ ማሩን እንኳ ሳይቀር ከተወች አራት ዓመት አልፏታል። ገና ሳትመጣ በስልክ ስለ ምግቧ ብትጨነቅ፣ «እንዳንቺ ላለ ሰው ከኢትዮጵያ የተሻለ አገር ከየት ይገኛል? ዓመቱን ሙሉ በያይነቱ አለልሽ» ብዬ ፎክሬላት ነበር። ከመጣች ወዲህ እናቴ ለብቻዋ ስለምትሠራላት ፉከራዬ እውነት መስሎኝ ሰነበተ። የከሸፈው ከቤት ወጥተን በመጀመሪያው ገበታ ላይ ነው።

ሐሳባችን እንዲህ ነበር። እኔ በአዲስ አበባ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ክፍል የለኝም። ስለዚህ ያንን ከሰዓትና ቅዳሜና እሑድን ይዘን፣ ማታ ማታ እቤታችን እያደርን፣ አዲስ አበባን ከከበቧት ከተሞች ሦስቱን ልናይ ተነሣን። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ሦስቱም ዛሬ በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ናቸው፤ ነገር ግን ጠባያቸው ለየቅል መሆኑን ገበታቸው ይናገራል።

የረሳሁት ነገር ቀኑን ነበር። ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀኖች መሆናቸውን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ኀምሳ ቀኖች ግን ረቡዕም ሆነ ዓርብ አይጾምም። በ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን፣ ጰራቅሊጦስም ሰኔ 1 ቀን ስለ ዋለ፣ እኛ ሰበታ የገባነው ልክ በመካከሉ ነው። ኀምሳ አምስቱን ቀን በዐቢይ ጾም ሲንተከተክ የከረመው የጾም ድስት ታጥቦ ተሰቅሏል። ሽሮው ቅቤ ገብቶበታል፤ ጎመኑ ከሥጋ ጋር ተቀላቅሏል፤ ምስሩም ለጊዜው ተረስቷል።

ያን ዕለት የገባኝ ይህ ነው፤ የአገራችን ወጥ ቤት «የሚበላው ማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ቀኑ የጾም ከሆነ ባለጠጋውም ድኻውም፣ ሹፌሩም ባለሥልጣኑም አንድ ዓይነት ገበታ ይቀርብላቸዋል። ቀኑ ፍስክ ከሆነ ደግሞ ሥጋ አልበላም ያለ ሰው ወይ በሽተኛ ነው፣ ወይ ስለት አለበት።

አሳላፊው ግን ደግ ልጅ ነበርና ተስፋ አልቆረጠም። «እንግዲያው ዓሣ ላምጣላችሁ» አለ። ብዙ ሰው በጾም ዓሣ ስለሚበላ፣ በሱ ዘንድ ዓሣ የጾም ምግብ ነው፤ በዚያ ላይ ሰበታ የብሔራዊው የዓሣ ምርምር ማዕከል መቀመጫ ናትና በሐሳቡ አልፈረድሁበትም። የአክስቴ ልጅ «ዓሣም እንስሳ ነው» ስትለው ጥቂት አሰበና «ቅቤ የሌለበት ሽሮ» ብሎ ሄደ። ሽሮው በሸክላ ድስት እየፈላ መጣ። ነገር ግን ገና ጠረጴዛው ላይ ሳያርፍ ሽታው አሳበቀበት። «ቅቤ የለበትም አላልኸንም?» ብለው፣ «ትንሽ ብቻ ነች፤ ለሽታ ያህል» አለኝ።

በመጨረሻ ወጥ ሠሪዋ ራሷ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። የአክስቴን ልጅ ከላይ እስከ ታች አየቻትና ወደኔ ዞር ብላ በሹክሹክታ፣ «አሟታል እንዴ?» አለችኝ። ደኅና መሆኗን ስነግራት ተመልሳ ገባችና በአንድ አፍታ የቲማቲም ፍትፍት ከስንግ ቃሪያ ጋር፣ ከጎኑም በዘይት ብቻ የተሠራ ድንች ይዛ መጣች። ጣፋጭ ነበር። ሒሳቡም ከጠበቅነው በታች ሆነ።

ለእንዲህ ዓይነቱ ተመጋቢ እንግሊዞች «ቬጋን» የሚል ስም አውጥተውለታል። ቃሉ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1944 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር አንድ ማኅበር ተመሥርቶበታል። ሥጋ ትቶ ወተትና ቅቤ የሚበላው ግን «ቬጀቴሪያን» ይባላል፤ ሥጋ የማይበሉት ሕንዶች አብዛኞቹ ከዚህኛው ወገን ናቸው። የኛ ጾም ወተቱንም ቅቤውንም ዕንቁላሉንም ስለሚከለክል፣ ከዓሣና ከማር በቀር ለቬጋኑ እጅግ ይቀርባል። ልዩነቱ ጾመኛው የሚገድፍበት ቀን ያለው መሆኑ ነው። ይህም ለጤና ዋጋ አለው፤ ቢ 12 የሚባለው ቫይታሚን በእህልና በአትክልት ውስጥ ስለማይገኝ፣ ጾመኛው በፍስኩ ቀን ከሥጋውና ከወተቱ ያገኘዋል፤ የአክስቴ ልጅ ግን በኪኒን መልክ መውሰድ አለባት።

የጾሙ ገበታ ብዛት ያስደንቃል። ምስሩን፣ ክኩን፣ ጎመኑን፣ ፎሶልያውንና ቀይ ሥሩን ሁሉም ያውቃቸዋል። እኔ የሚቆጨኝ እነ ስልጆ፣ እነ ሱፍ ፍትፍት፣ እነ አዚፋ፣ እነ እልበት ከምግብ ቤቶች እየጠፉ መሄዳቸው ነው። እነዚህ ጊዜና ትዕግሥት ይፈልጋሉ፤ ስልጆ ለምሳሌ ከባቄላ ዱቄት ተሠርቶ በሰናፍጭ ከተቀመመ በኋላ እስኪብላላ ቀናት ይጠበቃል። ዛሬ በብዙ ቦታ በያይነቱ ማለት ሽሮና ጥቅል ጎመን ሆኖ ቀርቷል።

ሌላም ነገር አለ። በትምህርት ቤታችን የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ትሪ ዙሪያ የምንቀርበው ሽሮና ምስር የቀረበ ዕለት ነው። ሥጋ የቀረበ ዕለት የማን እጅ እንዳረደው መጠየቅ ግድ ስለሚሆን ገበታው ለሁለት ይከፈላል። የጾም ምግብ ይህን ጥያቄ አያስነሣም። ይህን ለአክስቴ ልጅ ስነግራት ከሁሉ አስበልጣ ወደደችው።

ቅዳሜ ቡራዩ ገባን። በቡራዩ ከጋሞ ደጋ የመጡ ብዙ ሸማኔዎች ይኖራሉ፤ እንሰትም ከነሱ ጋር መጥቷል። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ስም በሌለው በአንድ ትንሽ ቤት ውስጥ፣ ባለቤቲቱ ቆጮ በምጣድ ላይ እየጋገሩ አገኘናቸው። እኔ ቆጮን የማውቀው ከክትፎ ጋር ብቻ ስለ ነበር ተስፋ አላደረግሁም። እሳቸው ግን እንደ ሰበታው አልተደነቁም። «ቅቤ የሌለበት?» አሉና ትኩሱን ቆጮ ከተቀቀለ ድንች፣ ከጎመንና ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር አቀረቡልን። ለሳቸው ይህ የጾምም የፍስክም አይደለም፤ ሥጋ ባልተገዛበት ቀን የሚበላ ምግብ ነው። እንሰቱ ተፍቆ በጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ እንዴት እንደሚብላላ ሲያስረዱን የአክስቴ ልጅ ማስታወሻዋን አውጥታ ጻፈች። ሁለት ጊዜ አስጨምራ በላች። ከዚያም በኋላ ለአዲስ አበባ ውሃ ከሚሰጡት ግድቦች አንዱ የሆነውን ገፈርሳን አይተን ተመለስን።

እሑድ የሱሉልታ ተራ ሆነ።

ሱሉልታ ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሜዳ ነው። ጠዋት ጠዋት በመንገዱ ዳር ሯጮች ይታያሉ፤ ከውጭ አገር እየመጡ እዚህ የሚለማመዱም አሉ። ከሯጩ በፊት ግን ሱሉልታን ያስጠራት ሣሩና ወተቱ ነው። በምግብ ቤቶቹ ደጅ ሥጋ ተሰቅሏል፤ ቅቤና አይብ በየቦታው ይሸጣል። እኛ ግን የምንሄደው ምግብ ቤት አልነበረም። ታላቋ አክስታችን እዚያው ስለሚኖሩ የሚጠብቁን በቤታቸው ነው። የእኅታቸውን ልጅ ካዩዋት 17 ዓመት ሆኗቸዋል።

በሩ ላይ ስንደርስ የበግ ቆዳ በአጥሩ ላይ ተሰጥቶ አየሁ። ያን ጊዜ ልቤ ደነገጠ፤ አስቀድሜ ሳልደውል ቀርቻለሁ። በሰበታ አሳላፊውን ስወቅስ፣ በቡራዩ ባለቤቲቱን ሳደንቅ፣ ለገዛ አክስቴ አንድ ቃል መንገር አልታሰበኝም።

መሶቡ ተከፈተ። ቅቅሉ፣ ጥብሱ፣ ዱለቱ፣ በቅቤ የራሰው አይብ ሁሉ ተደርድሯል። አክስቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉ። የአክስቴ ልጅ ጉርሻውን ማለፍ ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቃለች፤ ቢሆንም አንገቷን ደፋች።

«ስለት ገብተሽ ነው ልጄ?» አሉ አክስቴ እጃቸው እንደ ተዘረጋ።

«አይደለም አክስቴ።»

«ሐኪም ከለከለሽ?»

«ሐኪምም አልከለከለኝም። ለእንስሶቹ ስለማዝን ነው።»

አክስቴ ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሱት። ሁለት ላሞች አሏቸው፤ ሁለቱንም በስም ይጠሯቸዋል። አንደኛዋ ምጥ የጠናባት ሌሊት ፋኖስ ይዘው እስኪነጋ ከጎኗ እንዳልተለዩ በቤተ ዘመዱ የታወቀ ነው። «እኔስ ለላሞቼ የማላዝን ይመስልሻል?» አሉ በቀስታ።

መልስ የሰጠ የለም። የአክስቴ ልጅ አማርኛዋ ለሰላምታና ለጨዋታ ይበቃል እንጂ ለእንዲህ ያለው ነገር አይደርስላትም። «እንደሱ ማለቴ አይደለም» ብላ እንባዋ መጣ። እኔ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ተናገርሁ፤ ግን የታረደውን በግ የሚመልሰው የለም። አክስቴ ዝም ብለው ቆዩ። ኋላም፣ «በትንሣኤ ወራት መጾም ክልክል ነው፤ በቤቴ ጾመኛ አላውልም» አሉ። ቀጥለውም ልጅቷን ትክ ብለው አይተው፣ «ጾም አይደለም የምትዪኝ ከሆነ ግን እንግዲህ ምግብ ነው። ምግብ መቼ አቅቶኝ ያውቃል» ብለው ተነሡ።

ከመደርደሪያው ጫፍ በጨርቅ የተጠቀለለውን የጾም ድስት አወረዱ። የሽንብራ ዱቄት በዘይትና በቅመም አሹ፤ ሊጡንም እንደ ትናንሽ ዓሣ እየቀረጹ በቢላ ጫፍ ዓይንና ቅርፊት አወጡለት። ከጠበሱትም በኋላ በቀይ ሽንኩርትና በበርበሬ በተቁላላው ወጥ ውስጥ ጨመሩት። ይህ የሽንብራ ዓሣ ነው። በሰበታ ከቀረበልን ዓሣ ይልቅ ይህኛውን አሳላፊው ባየው ብዬ ተመኘሁ። የአክስቴ ልጅ ከጎናቸው ተቀምጣ ሁለቱን ዓሦች ራሷ ቀረጸች፤ አንደኛው እንቁራሪት ይመስል ስለ ነበር አክስቴ ሳቁ። እናቷ በልጅነቷ ይህን ወጥ ስትወድ ምን ያህል እንደ ነበር ያወሩላት ያን ጊዜ ነው።

ለቡና የመጡት ጎረቤት የጾሙ ድስት እሳት ላይ መጣዱን አይተው፣ «ምነው፣ ሰኔ ገባ እንዴ?» አሉ። ሰኔ ሲገባ የሐዋርያት ጾም ነውና። በጉን የበላነው እኔና ጎረቤቶቹ ነን፤ የሽንብራውንም ዓሣ ቀምሻለሁ፤ ከሁለቱ የቱ እንደ በለጠኝ አክስቴ ይህን ጽሑፍ ስለሚያነቡት አልናገርም።

ለሦስቱ ከተሞች ምግብ ቤቶች ግን የምለው አለኝ። ዐቢይ ጾም ሲፈታ የጾሙን ድስቶች ሁሉ አትስቀሉ፤ አንዲቷ ትቅር። ኀምሳውን ቀን ሙሉ በዘይት የተሠራ ምስር ያለበት ቤት፣ ሐኪም የከለከለውንም፣ የእምነት ልዩነት ያለውንም፣ ከሩቅ አገር የመጣውንም ሯጭ ያስተናግዳል። ተጓዡም በበኩሉ «የጾም አለ?» ብሎ ብቻ አይጠይቅ። «ቅቤ፣ ዕንቁላልና ዓሣ የሌለበት» ብሎ አንድ በአንድ ይቁጠር፤ ማር የማይበላም ከሆነ ጠጁን አስቀድሞ ይተወው።

ስንሰናበት አክስቴ ለልጅቷ ሦስት ኪሎ ሽሮ አስያዟት። እሷን ስመው ካበቁ በኋላ እኔን በክንዴ ይዘው ወደ አጥሩ ወሰዱኝና ቆዳውን እያሳዩኝ፣ «ሁለተኛ እንግዳ ስታመጣ ቀድመህ ደውል። በጉ እንኳ እስከ ጰራቅሊጦስ ይሰነብት ነበር» አሉኝ።