«ቲክ፣ ቲክ፣ ቲንግ»፦ በጉም ጫካ ውስጥ የተሰማ ድምፅ

በአንዲስ ተራሮች ምዕራባዊ ቁልቁለት፣ ኮሎምቢያና ኢኳዶር በሚዋሰኑበት አካባቢ፣ ከሰላማዊ ውቅያኖስ የሚነሳው እርጥብ አየር ዳገቱን ሽቅብ ሲወጣ ጉም ይሆንና ጫካውን ያለብሰዋል። ግንዱን የዛፍ ሽበት ሸፍኖታል፤ ከቅጠሉ ጠብታ አይጠፋም። በዚህ ጫካ ውስጥ ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ጆሮውን የሚያቆም አንድ ድምፅ ይሰማል። መጀመሪያ ሁለት አጫጭር ምቶች፦ ቲክ፣ ቲክ። ወዲያው ደግሞ ረዘም ብሎ የሚያቃጭል ጥርት ያለ ድምፅ፦ ቲንግ። ከዛፎቹ መካከል አንድ ሰው ትንሽ ቃጭል የነካ ይመስላል።

ድምፁን ተከትሎ የሄደ ሰው የሚያገኘው ርዝመቱ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍ ነው። ገላው የቀረፋ ቀለም አለው፤ አናቱ ላይ ቀይ ቆብ የደፋ ይመስላል። ማናኪን ከሚባለው የወፍ ቤተሰብ ሲሆን የራሱ መጠሪያ ሲተረጎም «ባለ ዱላ ክንፍ» እንደ ማለት ነው። ወንዶቹ ተራርቀው፣ ግን እየተሰማሙ፣ በየቅርንጫፋቸው ላይ ሆነው ይህን ድምፅ ያሰማሉ። ሴቶቹ እየዞሩ ያያሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ይመርጣሉ። ጎጆ መሥራትም ሆነ ጫጩት ማሳደግ የሴቷ ብቻ ስለሆነ የወንዱ ሥራ መመረጥ ነው።

ይህ ድምፅ ከየት ይወጣል? ጥያቄው እስኪመለስ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

እንግሊዛዊው የእንስሳት ሊቅ ፊሊፕ ስክሌተር ዝርያውን ለሳይንስ ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1860 ነው። ወፉ ሞቶ፣ ቆዳው ደርቆ ወደ አውሮፓ ሲደርስ ድምፁ አብሮት አልሄደም። ክንፉ ላይ ግን እንግዳ ነገር ነበረ። ከወንዱ ውስጠኛ የክንፍ ላባዎች መካከል አንዳንዶቹ ዘንጋቸው ወፍሮ፣ ጫፋቸው እንደ ዱላ አብጦና ተጣሞ ይታያል። ለመብረር የተሠራ ላባ ቀላልና ቀጥ ያለ መሆን ይገባዋል፤ ይህኛው ለበረራ የሚመች አይመስልም። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተሙት ስለ ሰው ዘር አመጣጥ በሚናገረው መጽሐፍ የላባዎቹን ሥዕል አስገቡ፤ ወፎች በጉሮሯቸው ብቻ ሳይሆን በላባቸውም ድምፅ እንደሚፈጥሩ ማሳያ አደረጉት። የተጣመመው ላባና ድምፁ እንደሚገናኙ በዚህ መንገድ ተገመተ። እንዴት እንደሚገናኙ ግን መሳቢያ ውስጥ ከተኛ ቆዳ ማንበብ አይቻልም ነበር።

የእንቆቅልሹ ቋጠሮ ያለው «ቲንግ» በሚለው ድምፅ ላይ ነው። የማናኪን ዘመዶች ብዙዎቹ ክንፋቸውን እያማቱ እንደ ጅራፍ ያስጮሃሉ፤ ያ እንደ ጭብጨባ ስለሆነ ለመረዳት አይከብድም። ዜማ ያለው ድምፅ ግን ጭብጨባ አይደለም። ጆሯችን አንድን ድምፅ ዜማ ብሎ የሚቀበለው አየሩ በእኩል ልዩነት ደጋግሞ ሲርገበገብ ነው፤ የዚህ ወፍ «ቲንግ» ደግሞ በሰከንድ 1500 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ክንፉን በሰከንድ 1500 ጊዜ የሚያርገፈግፍ ወፍ በምድር ላይ የለም። ታዲያ ድምፁ ከክንፍ ከሆነ፣ ያ ሁሉ ርግብግብ ከየት መጣ?

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኪምበርሊ ቦስትዊክ ይህን ጥያቄ ይዘው በ1990ዎቹ ወደ ኢኳዶር ሲሄዱ ገና የዶክትሬት ተማሪ ነበሩ። የሄዱበት ሥራ አብዛኛው መቀመጥ ነው። ወንዱ ወደ ቅርንጫፉ ስለሚመለስ፣ ቦታውን ያወቀ ተመልካች እዚያው ጠብቆ ሊያየው ይችላል። ወፉ ወደ ፊት ያጎነብሳል፤ ሁለቱን ክንፎቹን ከጀርባው በላይ ያነሳል፤ «ቲንግ» ይላል። በዚያች ቅጽበት ዓይን የሚያየው ክንፍ ሳይሆን ብዥታ ነው። በሰከንድ 30 ምስል የሚቀርጸው የተለመደው ቪዲዮም ከዓይን አልተሻለም፤ እያንዳንዱ ምስል ላይ ያለው ያው ብዥታ ነው።

ስለዚህ ቦስትዊክ በሰከንድ እስከ 1000 ምስል የሚቀርጽ ካሜራ ይዘው ወደ ጫካው ተመለሱ። ፊልሙ ቀስ ብሎ ሲታይ ብዥታው ተፈታ። ወፉ ያነሳቸውን ክንፎች ከጀርባው በላይ እርስ በርስ እያጋጨ ያርገፈግፋል፤ ይህንንም የሚያደርገው በሰከንድ 107 ጊዜ ያህል ነው። ይህ ለዐይነ ልቡና እንኳ የሚያስቸግር ፍጥነት ነው፤ ሆኖም ከ1500 ጋር ሲነጻጸር ገና ሩቅ ነው።

የቀረው መልስ ላባው ላይ ነበረ። ዱላ ከሚመስሉት ላባዎች አንዱ፣ ስድስተኛው፣ ዘንጉ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ሰባት ያህል ትናንሽ ሸንተረሮች አሉት። ከጎኑ ያለው አምስተኛው ላባ ደግሞ ጫፉ ጠንካራና ቀጭን ሆኖ ወደ ጎረቤቱ ታጥፏል። ክንፉ ሲርገፈገፍ ይህ የታጠፈ ጫፍ በሸንተረሮቹ ላይ አንድ ጊዜ ሄዶ አንድ ጊዜ ይመለሳል። ሰባት ሲሄድ፣ ሰባት ሲመለስ፣ 14 ንክኪ ይሆናል። 107ን በ14 ስናባዛ 1498 እናገኛለን። ጆሮ የሰማውና ዓይን የቆጠረው በመጨረሻ ገጠሙ።

ማሲንቆ ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። አዝማሪው ደጋኑን አንድ ጊዜ ሲስብ ክሩ የሚርገበገበው አንድ ጊዜ አይደለም። ሙጫ የተቀባው የፈረስ ጭራ ክሩን ይይዘዋል፣ ይለቀዋል፣ መልሶ ይይዘዋል፤ የእጁ አንድ ዝግ ያለ ስበት በክሩ ላይ በመቶ የሚቆጠር ርግብግብ ይሆናል። ወፉም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ጡንቻው የማይደርስበትን ፍጥነት በሸንተረር አባዛው። ፌንጣም እግሩንና ክንፉን እያፋጨ የሚጮኸው በዚህ ዓይነት ዘዴ ነው። ቦስትዊክና መምህራቸው ሪቻርድ ፕረም ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ2005 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ሲያትሙ፣ ላባውን እንደ ፌንጣ አፋጭቶ የሚያዜም ወፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመዘገበ።

ማሲንቆ ግን ክርና ደጋን ብቻ አይደለም፤ ቆዳ የተወጠረበት ሳጥኑ ባይኖር ድምፁ ከአዝማሪው ጉልበት አያልፍም። የወፉ ሳጥን የቱ ነው? ቦስትዊክና ባልደረቦቻቸው ላባዎቹን በቤተ ሙከራ እያንቀጠቀጡ እንቅስቃሴያቸውን በሌዘር ለኩ። እነዚያ የተለወጡት ላባዎች ከሁሉ አብልጠው የሚርገበገቡት በሰከንድ 1500 ጊዜ አካባቢ ሲንቀጠቀጡ ሆኖ ተገኘ። ዘጠኙ ውስጠኛ ላባዎች ተያይዘው እንዳሉ ሲንቀጠቀጡ ደግሞ አብረው እንደ አንድ አካል ያስተጋባሉ። ክንፉ ራሱ ሳጥን ሆኗል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ሌላ ነገር ታየ። የሚበርሩ ወፎች የክንፍ አጥንት ውስጡ ክፍት ነው፤ ቀላል መሆን አለበትና። የዚህ ወንድ ወፍ ከክርን እስከ አንጓ ያለው አጥንት በሲቲ ስካን ሲመረመር ግን ወፍራምና ውስጡ የተደፈነ ነበረ። ያን ሁሉ ላባ በዚያ ፍጥነት የሚያርገፈግፍ ክንፍ ጽኑ ምሰሶ ሳያስፈልገው አይቀርም። ወፉ ለዜማው ሲል በአጥንቱ ውስጥ ክብደት ተሸክሞ ይበርራል።

እኔን በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገርመኝ የካሜራው ፍጥነት ብቻ አይደለም። ላባው ከስክሌተር ዘመን ጀምሮ በእጅ ነበረ፤ ሸንተረሩም ለዓይን ክፍት ነበረ። የጎደለው ወፉ ሲሠራበት ማየት ነበር። አካል ለምን እንዲህ እንደሆነ የሚናገረው ኑሮው ነው፤ ኑሮውን ለማየት ደግሞ ጫካውም ወፉም በቦታቸው መገኘት አለባቸው። የዚያ የምዕራብ አንዲስ ጫካ ብዙው ለእርሻና ለግጦሽ ተመንጥሯል። ቅርንጫፉ ከተቆረጠ ላባውን የሚያስረዳልን አይኖርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከቦስትዊክ በፊት ከዚያ ቅርንጫፍ ፊት ተቀምጣ በጽሞና ያዳመጠች ነበረች፤ ሴቷ ወፍ። ላባውን ያጣመመው፣ አጥንቱን ያደነደነው፣ በማይቆጠር ትውልድ ውስጥ የእሷ ምርጫ ነው። አሁንም ጉሙ ሲሳሳ መጥታ ትቀመጣለች። ወንዱ ያጎነብሳል፣ ክንፉን ያነሳል። እሷም ዝም ብላ ትሰማለች።