አዲሱ ሽጉጥ ለምን ይነክሳል?

ቃታው ተስቦ ጥይቱ ካልጮኸ ከሸፈ እንላለን። ቀለሁ ወይም ተከታዩ ጥይት መንገድ ላይ ከተቀረቀረ ደግሞ ነከሰ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ የሚኖር ጎረቤቴ አዲሱን ባለ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጡን ተኩስ ሜዳ ወስዶ፣ ከ50 ጥይት አራቴ ቆሞበት ሲመለስ «ሸወዱኝ!» እያለ ነው የመጣው። «ከሸፈ ወይስ ነከሰ?» አልኩት። «ነከሰ።» ግማሹ ሥራ እዚያው አለቀ።

ሲተኮስ አረሩ ወደ ፊት ይወጣል፤ ያው የባሩድ ግፊት ባዶውን ቀለህ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የሽጉጡ የላይኛው ተንሸራታች ብረትም አብሮ ይሄዳል፤ ቀለሁን ስቦ በጎን ይወረውራል፣ ሞላውን ይጨምቃል። ሞላው መልሶ ሲገፋው ከካዝናው አናት አንድ ጥይት እየገፋ አስገብቶ ይዘጋል። ብረቱ መንገዱን ሳይጨርስ ከተመለሰ ቀለሁ መውጫው ላይ ተሰንጎ ይቀራል።

ታዲያ ጉልበቱን ማን በላው? ብዙ ጊዜ እጅ ነው፤ ይህን መስማት ግን ማንም አይወድም። ቀላል ጠረጴዛ ሳትይዙ መሳቢያውን ብትስቡ ጠረጴዛውም አብሮ ይመጣል። የእጅ አንጓው የላላ ተኳሽ ሽጉጥም እንደዚያው ነው፤ በተለይ ትንሽና ቀላል ሲሆን። አዲስ ሞላ ደግሞ ጠጣር ነው፤ ከፋብሪካ የመጣው ቅባትም አንዳንዴ ዝገት መከላከያ እንጂ ማለስለሻ አይደለም። ጠርጎ በመመሪያው መሠረት ዘይት መቀባት ነው። ከ200 ጥይት በፊት በሽጉጡ ላይ አትፍረዱ የሚሉ አምራቾችም አሉ።

ጠረጴዛው ላይ ከመፍታታችሁ በፊት ግን ካዝናውን አውጡ፣ ከዚያ ብረቱን ወደ ኋላ ስባችሁ ውስጡን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ካዝና መውጣቱ አፈሙዝ ውስጥ የገባችውን አንዷን ጥይት አያወጣትም። የጥይት ፓኮውም ከክፍሉ ይውጣ። ተኩስ ሜዳ ላይ ከከሸፈባችሁ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞራችሁ 30 ሰከንድ ጠብቁ፤ ዘግይቶ የሚተኮስ ጥይት አለ። ድምፁ «ጡፍ» ብሎ ብቻ ከቀረ ደግሞ ሌላ አትተኩሱ፤ አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ አንድ በአንድ መቀየር ነው፦ ሌላ ዓይነት ጥይት፣ ሌላ ተኳሽ፣ ሌላ ካዝና። ሁሉን በአንዴ የቀየረ ሰው ጥፋቱ የማን እንደሆነ አያውቅም። ጎረቤቴ በሁለቱ ካዝናዎቹ ላይ በማርከር «1» እና «2» ጻፈ። በሳምንቱ በ«1» 100 ጥይት ተኮሰ፤ አንድም አልነከሰም። በ«2» በሰባተኛው ቆመ።

ሱቆች አንዴ የሸጡላችሁን ሽጉጥ መልሰው መቀበል አይወዱም። የአሜሪካ ሕግ ግን ለጥገና በቀጥታ ለአምራቹ እንድትልኩና እንዲመልስላችሁ ይፈቅዳል። መንግሥት ያስገድድልኛል ብላችሁ ግን አትጠብቁ፤ የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ኮሚሽን የልጆች መጫወቻ ሽጉጥን ከገበያ ማስነሣት ሲችል እውነተኛው ላይ ሥልጣን የለውም። ከተቋቋመ ጀምሮ የጦር መሣሪያ ከእጁ ውጭ ነው።

የጎረቤቴ ነገር ቀላል ሆነ። የ«2» አፉ በአንድ ወገን ሰፍቶ ጥይቷን አዘንብሎ ያቀብል ነበር። አምራቹ ሌላ ላከለት፤ «3» ብሎ ጻፈበት።