ጆሮ ከመንካት እስከ ቡኡራ ቦሩ

የልደት ሰርተፍኬት ብርቅ በነበረበት ዘመን ልጅ ለትምህርት መድረሱ የሚታወቀው በክንዱ ነበር። ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ከነካ ይመዘገባል፤ ካልነካ «ለከርሞ ና» ተብሎ ይመለሳል። በመላ አገሪቱ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ዛሬ በምዕራብ ሸዋ፣ በአምቦ፣ በጉደር ወይም በጌዶ ልጆቻቸውን ከሚያስመዘግቡት ወላጆች ብዙዎቹ በዚሁ መለኪያ ያለፉ ናቸው። ክንድ ስለ ዕድሜ ይመሰክር ይሆናል። ልጁ ከእናቱ ተለይቶ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር ግማሽ ቀን መዋል ይችል እንደሆነ ግን አይመሰክርም። የመዋዕለ ሕፃናት ዝግጅት ጥያቄው ደግሞ ይኸው ነው።

ትንንሽ ልጆችን አሰባስቦ ማስተማር ለአገራችን አዲስ አይደለም። ቄስ ትምህርት ቤት የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ፊደል የሚቆጥርበት ቦታ ሆኖ ለዘመናት ኖሯል። በጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮብል ሐሳብ የተቃኘው፣ ጨዋታን መሠረት ያደረገው መዋዕለ ሕፃናት ግን የመጣው ከባቡር ጋር ነው፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ድሬዳዋ ላይ ለፈረንሳውያን የባቡር ሠራተኞች ልጆች ተከፈተ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲም ቅድመ መደበኛን በስም ቢያነሳም ሥራውን በአብዛኛው ለግል ባለሀብት፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለበጎ አድራጊዎች ተወው። በምዕራብ ሸዋ የዚህ ውጤት በአስፋልቱ ላይ ይነበባል፦ ከአዲስ አበባ ወደ ባኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉት ጊንጪ፣ አምቦና ጉደር ኬጂ ሲያገኙ፣ ከመንገዱ የራቀው የጀልዱ ገጠር ልጅ በሰባት ዓመቱ በቀጥታ አንደኛ ክፍል ይገባ ነበር፤ እሱም ከገባ።

ነገሩ የተለወጠው በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ባወጡት ብሔራዊ ማዕቀፍ ነው። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ዜሮ ክፍል ተከፈተ፤ ከፍ ያሉ ተማሪዎች የሰፈራቸውን ታናናሾች እያጫወቱ የሚያዘጋጁበት «ከልጅ ለልጅ» የተባለ ዘዴም ተጨመረ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዕድሜያቸው ከደረሰ መቶ ልጆች ውስጥ በቅድመ መደበኛ የተመዘገቡት 5 ያህል ነበሩ፤ በ2007 ዓ.ም. ወደ 40 ተጠጉ። ቁጥሩ እንዲህ የዘለለው ዜሮ ክፍልና ከልጅ ለልጅ በመቆጠራቸው ነውና ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ነገር አገኘ ማለት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ የሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛን የሥርዓቱ አካል አድርጎታል። የኦሮሚያ ክልልም በኅብረተሰቡ ጉልበትና ገንዘብ ጭምር «ቡኡራ ቦሩ» የተባሉ የሕፃናት ትምህርት ቤቶችን በየቀበሌው ማሠራት ይዟል። በዩኒሴፍ ድጋፍ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የተጀመረ ሌላም መንገድ አለ፦ ቅድመ መደበኛ ያመለጣቸው ልጆች በክረምት፣ በሁለት ወር ውስጥ 150 ሰዓት የሚሰለጥኑበት። በጸጥታ ችግር ትምህርት ለተስተጓጎለባቸው የምዕራብ ሸዋ ወረዳዎች ይህ አጭር መንገድ የሚስማማ ይመስለኛል።

ክፍል መክፈትና ልጅን ማዘጋጀት ግን ይለያያሉ። ዜሮ ክፍል ብዙ ጊዜ ያነሰ አንደኛ ክፍል ነው፦ የትልልቆች ዴስክ፣ እግሩ መሬት የማይደርስ ልጅ፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ በኅብረት መጮኽ። የከተማው የግል ኬጂ በበኩሉ በደብተር ይወዳደራል። የአራት ዓመቷ የነርሰሪ ልጅ ሁለት ገጽ የቤት ሥራ ይዛ ካልመጣች አባት «ምን ይሠራሉ?» ብሎ ይቆጣል፤ ትምህርት ቤቱም ደንበኛውን ላለማጣት እርሳስ በቅጡ ያልጨበጠችውን ልጅ ያስጽፋል። ጥፋተኛው ትምህርት ቤቱ ብቻ አይደለም፤ ገበያው ነው፣ ገበያውም እኛው ነን።

ከሁሉ በላይ ክብደት የምሰጠው ለቋንቋ ነው። በኦሮሚያ የትንንሽ ልጆች ትምህርት በአብዛኛው የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ፊደል ነው። አምቦ ውስጥ ግን አንዱ ልጅ ቤቱ ኦሮምኛ፣ ጎረቤቱ አማርኛ ነው፤ አንዳንዱ የግል ኬጂ ደግሞ እንግሊዝኛን በመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። በማያውቀው ቋንቋ የተጠየቀ ልጅ ዝም ይላል፤ ዝምታውም እንደ ስንፍና ይቆጠርበታል። ሽንት ቤት እንዲወስዱት መጠየቂያ ቃል ያጣ ልጅ ሱሪው ላይ ያመልጠዋል፣ ይሳቅበታል፣ በነጋታው አልሄድም ይላል። ስለዚህ ወላጅ ከሆሄ በፊት ሊያስጠና የሚገባው ጥቂት ቃላት ነው፦ ሽንቴ መጣ፣ ውኃ ጠማኝ፣ አሞኛል፣ መታኝ፣ ስሜ እገሌ ነው። ክፍሉ በሚናገርበት ቋንቋ።

የቀረው ዝግጅት ገንዘብ አይፈልግም። ኦሮሞው አያት ሂቦ ሲል፣ አማራው እንቆቅልህ ሲል፣ ልጁ ተራ መጠበቅና አዳምጦ ማሰብ ይለማመዳል። ቅልልቦሽ ጣትን ያፍታታል፣ መቁጠርም ያስተምራል። በአኩኩሉ ልጅ ከእናቱ ዓይን መሰወርን በሳቅ ይለምዳል። መላክም ትልቅ ትምህርት ነው፤ ጎረቤት ሄዶ ወንፊት ተውሶ የሚመጣ የአምስት ዓመት ልጅ መልእክቱን በልቡ ይዞ፣ ሰው ሰላም ብሎ፣ ጠይቆ ተመልሷል። ጫማ ማጥለቅ፣ የምሳ ዕቃ መክፈት፣ እጅ መታጠብ ክረምቱን ሙሉ ቢለማመዱት መስከረም ላይ መምህሯ ከብዙ ድካም ትድናለች። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ም በቀጭኔ አሻንጉሊቷ አማካይነት ብዙ ልጆችን ከትምህርት ጋር አስተዋውቋል፤ ቴሌቪዥን ግን መልስ አይሰማም።

ይህን ዝግጅት የሚያፈርሰውም የሚመጣው ከቤት ነው። «ቆይ ትምህርት ቤት ስትገባ መምህሩ ያሳይሃል!» ተብሎ ዓመቱን ሙሉ የተስፈራራ ልጅ በሩ ላይ ቢያለቅስ ምን ይገርማል? ልጅ ሳያይ ሹልክ ማለትም ያው ነው፤ ተሰናብቶ፣ «ከምሳ በኋላ እመጣለሁ» ብሎ፣ በሰዓቱ መገኘት ይሻላል። ምዝገባው ሲከፈት ልጁን ይዞ ግቢውን ማዞር፣ ክፍሉን፣ ሽንት ቤቱን፣ መምህሯን ማሳየት ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ትምህርት ቤቱም በመጀመሪያው ሳምንት እናቶች ጥቂት እንዲቆዩ ቢፈቅድ፣ ቀኑንም ቢያሳጥር ለራሱም ይቀለዋል። የእኛ አቆጣጠር አንድ ፈተና ይጨምራል፦ ልጆቹ መላመድ ሲጀምሩ መስቀል ይመጣል፤ ከቤተሰብ ጋር ከርመው ሲመለሱ ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሳል። ልምድ ያላቸው መምህራን ይህን ስለሚያውቁ ከበዓሉ በኋላ ያለውን ሳምንት ለትምህርት ሳይሆን ለጨዋታ ያውሉታል።