ጭቃ የሚዘጋው ጎጆ፦ ብርማ ጉንጭ ያለው የሐዋሳ ወፍ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሾላ ሲያፈራ ከዛፎቹ ጫፍ ሻካራና ከሩቅ የሚሰማ ጩኸት ይነሣል። የድምፁ ባለቤት በሳይንሳዊ ስሙ ባይካኒስቴስ ብሬቪስ የሚባለው፣ በመንቁሩ ላይ ቀንድ መሰል ቆብ የተሸከመ፣ ጉንጩ ብርማ የሆነ ጥቁርና ነጭ ወፍ ነው። በወንዶ ገነት ደንም ይታያል። ርዝመቱ እስከ 80 ሳንቲሜትር ሲደርስ፣ በሚበርበት ጊዜ የክንፉ ድምፅ ሳይቀር ከመሬት ይሰማል።

ምግቡ በአመዛኙ ፍሬ ነው። ትልልቁን ዘር ሳያደቅ መልሶ ይተፋዋል፤ ደቃቁ ከኩሱ ጋር ይወጣል። የደን አትክልተኛ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይበልጥ ትኩረት የሚሻው ግን አረባቡ ነው። እንስቷ በአሮጌ ዛፍ ፍልፍል ውስጥ ትገባና፣ ተባዕቱ በሚያቀብላት ጭቃ መግቢያውን ጠባብ ስንጥቅ እስኪቀረው ድረስ ትደፍነዋለች። ከዚያ በኋላ ለወራት የእርሷም ሆነ የጫጩቷ ሕይወት የሚመሠረተው ተባዕቱ በጉሮሮው ይዞ በሚያመጣው ፍሬ ላይ ነው። ወፉ እንደ ግንደ ቆርቁር ራሱ መፈልፈል ስለማይችል፣ ዕድሜ የቦረቦረው ግንድ የግድ ያስፈልገዋል።

ዝርያው በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ አልተመደበም፤ ይህ ምደባ ግን ለአንድ ከተማ ብዙ አይነግርም። በተቆረጠ አሮጌ ዛፍ ምትክ የሚተከል ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ዓመታት፣ ወፍ የሚያስገባ ፍልፍል ለመያዝ ደግሞ አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። በመሆኑም በሐዋሳ የሚካሄድ ቆጠራ ከወፎቹ ጋር ፍልፍል ያላቸውን ግንዶች ጭምር መመዝገብ ይኖርበታል።