መልስ መስሎ የሚመጣ ክልከላ

ኢሜይል ወደ ተቀባዩ ሰርቨር በደረሰ ጊዜ፣ ማጣሪያው የደብዳቤውን ቃል ከመመርመሩ አስቀድሞ የላኪውን የአይፒ አድራሻ ይዞ የሚጠይቀው መዝገብ አለ፤ ይኸውም አይፈለጌ መልእክት በመንዛት የተመሰከረባቸው አድራሻዎች የሰፈሩበት የእገዳ መዝገብ ነው። ፖል ቪክሲ እ.ኤ.አ. በ1997 የመጀመሪያውን ካቋቋመ ወዲህ፣ በ1998 በስቲቭ ሊንፎርድ የተመሠረተውን ስፓምሃውስን የመሳሰሉ ብዙዎች ተከትለውታል።

ብልሃቱ እጅግ የሚደነቅ ነው። አዲስ የመጠየቂያ መንገድ ከማበጀት ይልቅ፣ ስምን ወደ ቁጥር የሚመልሰውን ነባሩን ዲኤንኤስ መገልገያ አደረጉት፤ 192.0.2.45 የተባለውን አድራሻ ሊመረምር የሚሻ ሰርቨር ቁጥሩን ከኋላ ወደ ፊት ገልብጦ 45.2.0.192 ይልና የመዝገቡን ስም አስከትሎ፣ ተራ ስም እንደሚፈልግ ሆኖ ይጠይቃል። አድራሻው በመዝገቡ ከሌለ «ይህ ስም የለም» ይባላል፤ ካለ ግን በ127 የሚጀምር ቁጥር ይመጣል፣ የቁጥሩም መጨረሻ የበደሉን ዐይነት ያመለክታል።

ጭንቁ የሚወለደው ከዚህ ላይ ነው። መዝገቦቹ ለአነስተኛ ተጠቃሚ ያለ ዋጋ የተፈቀዱ ሲሆኑ፣ ጠያቂውን የሚለዩት ጥያቄውን ባመጣው ስም ፈቺ ሰርቨር አድራሻ ነው፤ ስለዚህ 8.8.8.8ን ወይም 1.1.1.1ን በመሰለ የሕዝብ ስም ፈቺ በኩል የሚጠይቅ ሁሉ፣ ጥያቄው ከእልፍ አእላፍ ጥያቄዎች ጋር ተደባልቆ ስለሚደርስ፣ ማንነቱ አይታወቅምና ይከለከላል። ክልከላውም የሚመጣው በዚያው በቁጥር መልክ ነው፦ ስፓምሃውስ በሕዝብ ስም ፈቺ ለመጣ ጥያቄ 127.255.255.254፣ ከልክ ላለፈ ጥያቄ 127.255.255.255 ሲመልስ፣ ሌላው መዝገብ ዩአርአይቢኤል ደግሞ 127.0.0.1 ይመልሳል። የኢሜይል ሰርቨር ሶፍትዌር የሆነው ፖስትፊክስ ማናቸውንም መልስ እንደ ውግዘት እንዲቀበል ተደርጎ የተሰናዳ እንደ ሆነ፣ አልመሰክርም ያለውን ምስክር በተከሳሹ ላይ እንደ መሰከረ ቈጥሮ እንደሚፈርድ ዳኛ፣ ንጹሑን ደብዳቤ ሁሉ ከደጅ ይመልሳል። የአይፈለጌ መልእክት ማጣሪያው ስፓምአሳሲን በአንጻሩ የዩአርአይቢኤል ጥያቄ መታገዱን በደብዳቤው ራስጌ ላይ ጽፎ፣ ከምንም የማይቈጠር ነጥብ ሰጥቶ ያልፋል። ከሁለቱ ይበልጥ የሚያስፈራው ይህ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ወዲያው አቤቱታ ያስነሣልና ይታረማል፣ ይህ ግን ማጣሪያውን እያዳከመ ራስጌውን የሚያነብ ሰው እስኪገኝ ድረስ ተሰውሮ ይኖራል።

ምርመራው ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አርኤፍሲ 5782 በሥራ ላይ ያለ የአይፒ መዝገብ ሁሉ 127.0.0.2ን ለፈተና እንዲይዝ፣ 127.0.0.1ን ግን ፈጽሞ እንዳይይዝ ደንግጓልና፣ ከራሱ ከኢሜይል ሰርቨሩ ላይ ዲግ በተባለው ትእዛዝ 2.0.0.127ን ከመዝገቡ ስም ጋር መጠየቅ ነው፤ በ255.254 የሚያበቃ መልስ ከመጣ ጥፋቱ ጥያቄውን ያደረሰው ስም ፈቺ እንጂ የመዝገቡ አይደለም። በዚህ ጊዜ የስም ፈቺው አድራሻ በሚጻፍበት በሪዞልቭ ኮንፍ ፋይል ውስጥ 127.0.0.53 ተጽፎ ያየ ሰው ጥያቄው ከቤት የማይወጣ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ያ አድራሻ ብዙውን ጊዜ ጥያቄውን ተቀብሎ ለውጭ ስም ፈቺ የሚያሳልፍ ብቻ ነው።

መፍትሔው አንባውንድ ወይም ባይንድ የተባለውን ስም ፈቺ በዚያው ሰርቨር ላይ ተክሎ፣ ለሌላ ሳያሳልፍ ራሱ ከሥሩ ጀምሮ እንዲጠይቅ ማድረግ፣ ስፓምአሳሲንንም ወደ 127.0.0.1 ማመልከት ነው። ፖስትፊክስ ከስፓምሃውሱ ዜን መዝገብ ከ127.0.0.2 እስከ 127.0.0.11 ያለውን መልስ ብቻ እንደ እገዳ እንዲቀበል መወሰንም ይገባል። የደብዳቤው ብዛት ከነጻው ልክ ያለፈ ተቋም ግን ስም ፈቺውን ቢለውጥም ክልከላው አይነሣለትም፤ ከመዝገቡ ባለቤት ጋር ተዋውሎ የራሱን የመጠየቂያ ቁልፍ መቀበል ይኖርበታል።