ከእንዶድ ሙቀጫ የወጣ ኬሚስትሪ

እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን በየወንዙ ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተዋል፤ ከላይ ያሉት ግን በሕይወት አሉ። ቢልሃርዚያ ያለ ቀንድ አውጣ አይዛመትም። በሽታውን የሚያመጣው ትል በቀንድ አውጣው ውስጥ ተራብቶ ወደ ውሃው ይወጣና ውሃ የነካን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል።

በጎጃም ለየጁቤ፣ ለቢቸናና ለሞጣ ሰው እንዶድ እንግዳ አይደለም። ሳሙና እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ጋቢና ነጠላ የነጣው በእሱ ነው። ፍሬው ሳይበስል ተለቅሞ ይደርቃል፤ ከዚያ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ይነከራል። የኬሚስትሪው ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ፍሬው ሳፖኒን የሚባሉ ውህዶች አሉት። የሳፖኒን ሞለኪውል አንዱ ወገን ስኳር ስለሆነ ከውሃ ጋር ይስማማል፤ ሌላው ወገን ከውሃ ሸሽቶ ቅባት ይይዛል። እድፍን ከልብስ የሚያላቅቀው ይህ ጠባይ ነው። የቀንድ አውጣውን የሕዋስ ሽፋን የሚያፈርሰውም እሱው ነው። ነገር ግን ባልተነካ ፍሬ ውስጥ ያሉት ዋና ዋና ሳፖኒኖች በሁለት በኩል ስኳር ስለተሸከሙ ቀንድ አውጣን የመግደል አቅም የላቸውም። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲያገኘው የራሱ ኢንዛይሞች አንደኛውን የስኳር ዘለላ ቆርጠው ይጥላሉ፤ ገዳዩ ውህድ ያን ጊዜ ይፈጠራል። በአልኮል የተጨመቀ ፍሬ ኢንዛይሞቹ ስለማይሠሩ ያን ያህል ኃይል አይኖረውም። ስለዚህ መውቀጡና መንከሩ ራሱ የተሟላ ኬሚካዊ ዝግጅት ነው፤ እናቶቻችን ለዘመናት ሲያካሂዱት ኖረዋል።

ከውህዶቹ አንዱ በአክሊሉ ስም ለማቶክሲን ተባለ። በውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚፈርስ ለዓመታት አይከማችም፤ ዓሣን ግን ስለሚጎዳ መጠኑ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ዓድዋ ላይ በእንዶድ በተደረገው ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት የበሽታው ስርጭት ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ይህን የመሰለ ውጤት ተይዞም ዓለም አቀፍ ተቀባይነት ለማግኘት ረጅም ዓመታት ፈጀ። የውጭ መድኃኒት በውድ ዋጋ እየገዛን፣ በአጥር ላይ የሚበቅለው እንዶድ ይህን ያህል መጠበቁ ያንገበግባል። የአክሊሉ የሥራ ባልደረባ ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በበኩላቸው ከየቦታው ከተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶች ምርታማና ኃይለኛ የሆነውን፣ ቁጥር 44 የተባለውን መርጠው አወጡ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

በኋላ እንዶድ በአሜሪካ የውሃ ቱቦዎችን የሚደፍኑ እንደ ሜዳ አህያ ዝንጉርጉር የሆኑ ዛጎለኛ ፍጥረታትንም እንደሚገድል ታወቀ፤ የዚህ አጠቃቀም የፈጠራ መብትም በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በኩል ተመዘገበ። አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 አረፉ። የእንዶዱን አሠራር አስቀድመው የሚያውቁት የዓድዋና የጎጃም እናቶች ከመብቱ ድርሻ ሊኖራቸው ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ።